ኒክሻ ያቀበላቸው ኳሶች

ባለቤቴ ኒክሻ ወደብ ላይ መኪና አስገቢ ነው። ከስፕሊት ከተማ የሚመጣው መርከብ ደሴታችን ሱቺና ደርሶ አፉን ሲከፍት፣ ብርቱካናማ ሰደርያውን ለብሶ መግቢያው ላይ ይቆማል። ከዚያ በሁለት ጣቱ ብቻ አንተ ወደ ግራ፣ አንቺ ተጠጊ፣ አንተ ትንሽ ቆይ እያለ ሰባ መኪና በሩብ ሰዓት ውስጥ ይሰገስጋል። ሌላ ሰው ሲሠራ የሚገባው ሃምሳ አምስት ነው። ቱሪስቶቹ ሳይቀሩ ከመኪናቸው ወርደው ፎቶ ያነሱታል። እኔ ደግሞ ከፋርማሲው መስኮት ሆኜ በየቀኑ አየዋለሁ፣ በየቀኑም ቆሽቴ ያርራል።

ያ ዓይን ለመኪና የተፈጠረ አይደለም። አሥር ቁጥር ለብሶ በአጥቂ አማካይነት በሚጫወትበት ዘመን፣ አንድ ጊዜ ቀና ካለ ሜዳው ላይ ያሉት ሃያ አንድ ሰዎች የት የት እንደቆሙ ያውቅ ነበር። ኳሱ እግሩ ሥር ሳይደርስ ወዴት እንደሚልከው ወስኖ ጨርሷል። ይህን እኔ ሚስቱ ስለሆንኩ አይደለም የምለው፤ ጋዜጣም ጽፎታል። እሱን ብትጠይቁት ግን “ተጫወትኩ፣ ጨረስኩ” ብሎ ዝም ነው። ስለዚህ ታሪኩን እኔ እነግራችኋለሁ፣ እንደተናደድኩ።

ሱቺና የሣር ሜዳ የላትም። ያለን ከዓሣ መጋዘኑ ጀርባ ያለው ሲሚንቶ ነው። በአንድ ወገን ግድግዳ፣ በሌላው ወገን ባሕር። ጎሉ በባሕሩ በኩል ስለተተከለ የሳተ ኳስ ሁሉ ውሃ ውስጥ ይገባል፤ ሕጉም ክረምት ከበጋ አንድ ነው፣ መትቶ የሳተ ዋኝቶ ያመጣል። ኒክሻ ደግሞ ፀጉሩን ማርጠብ አይፈቀድለትም ነበር። እናቱ ሾራ ፊሎሜና፣ እኛ ዘንድ ወይዘሮ ሾራ ይባላል፣ ልጃቸውን በእርጥብ ፀጉሩ ነፋስ ካገኘው ማግስቱን እንደሚቀብሩት እርግጠኛ ነበሩ። በዚህ አትፍረዱባቸው። እኛ ደሴት ላይ ባሕር የሚፈራ ሰው የለም፤ የሚፈራው በሁለት ክፍት መስኮቶች መካከል ሾልኮ የሚያልፈው ነፋስ ነው።

ስለዚህ ኒክሻ አይመታም፣ ያቀብላል። የሚመታው ሌላ ነው፣ የሚዋኘውም ሌላ። አብዛኛውን ጊዜ የሚዋኘው ሎቭሬ ነበር፣ የጎረቤታቸው ልጅ። የሎቭሬ አባት ጥሏቸው አውስትራሊያ ገብቷል፤ እናቱ ቀኑን ሙሉ ዓሣ ስታጥብ ስለምትውል የልጇ ፀጉር ረጠበ ደረቀ የሚል አልነበረም። ሎቭሬ ያገኘውን ኳስ ሁሉ ይመታል፣ ይስታል፣ ይዋኛል፣ ተመልሶ ይመታል። እንዲህ እያለ አንደኛው ማየት ተማረ፣ ሌላኛው መምታት ተማረ።

በአሥራ ሰባት ዓመታቸው የከተማው ትልቅ ክለብ ሁለቱንም ወሰዳቸው። አምስት ዓመት እዚያ ተጫወቱ። ኒክሻ በአምስት ዓመት ውስጥ ያገባው አራት ጎል ነው፤ ከአራቱ ሁለቱ ለሰው ሲልከው ሰውየው ስቶት የገቡ ናቸው። ለጎል የሚሆን ያመቻቸውን ኳስ ግን የቆጠረው የለም። አሰልጣኙ ከመስመሩ ዳር ቆሞ “ምታው እንጂ አንተ ልጅ፣ ይነክስሃል እንዴ?” እያለ ጉሮሮው ይዘጋ ነበር። አንድ ቀን ግብ ጠባቂው ወድቆ፣ መረቡ ባዶ ሆኖ፣ እሱ ከመስመሩ ሁለት እርምጃ ርቆ ሳለ ኳሱን አቁሞ ሎቭሬን ጠበቀ። ሎቭሬ እስኪደርስ ተከላካዩ ደርሶ ጠለዘው። ስታዲየሙ በሙሉ አንድ ላይ አቃሰተ። ከጎኔ የተቀመጡት ሾራ ፊሎሜና ሹራባቸውን ሳያቋርጡ፣

“ልጄ ጨዋ ነው። ሲበላም እንዲሁ ነው” አሉኝ።

እውነታቸውን ነው፣ ሲበላም እንዲሁ ነበር። ከአፉ ነጥቆ የሚያጎርስ ሰው ነው። ያኔ እጮኛው ነበርኩና ይህ ጠባዩ ደስ ይለኝ ነበር፤ ምን ያህል እንደሚያስከፍለኝ መቼ አወቅኩ።

አሁን ስለ ሮኮ ቀን ልንገራችሁ። በየዓመቱ በኦገስት አጋማሽ፣ በቅዱስ ሮኮ ክብረ በዓል ከሰዓት በኋላ፣ ያገቡት ካላገቡት ይጋጠማሉ። ዳኛው ቄሱ ዶን ክርሼቫን ናቸው። የተሸነፈው ወገን ያሸነፈውን ከነልብሱ ተሸክሞ ባሕር ውስጥ ይወረውረዋል፤ መጽናኛቸው ይህ ብቻ ነው። ላጤዎቹ ኒክሻ ካደገ ጀምሮ አልተሸነፉም። ታዲያ ኒክሻ እኔን ቢያገባ ወደ ባለትዳሮቹ ሊሻገር አይደል? ሠርጋችን ለጁን ተቆርጦ ሳለ ላጤዎቹ ተሰብስበው እኛ ቤት መጡ። አፈ ጉባኤያቸው ፔሪጻ ነበር፣ የዛሬው ፖስተኛ።

“ማሪየታ፣ እስከ ሮኮ ብቻ ታገሺን። ከዚያ በኋላ ብትፈልጊ በማግስቱ አግቢው።”

“ምነው ፔሪጻ፣ እኔ የማገባው ኳሱን ነው እንዴ?”

“አንቺማ ሰውየውን ነው። እኛ ግን ያለን እሱ ብቻ ነው።”

ወደ ኒክሻ ዞር ስል መሬት መሬት ያያል። እምቢ ማለት አያውቅበትም። ሮኮ ሲያልፍ የክለቡ ጨዋታ ጀመረና ሠርጉ እስከ ቀጣዩ ጁን ተገፋ። በሚቀጥለው ዓመትም እንደገና መጡ፣ እንደገና ተገፋ። እናቴ ለሠርጉ የደገሰችውን ወይን ሁለት ጊዜ ለሌላ ሰው ሠርግ ሰጠች። በኳስ ምክንያት ሁለት ጊዜ ሠርጓ የተራዘመ ሌላ ሴት ካለች አሳዩኝ፣ አቅፌያት አለቅሳለሁ።

በዚያ በሁለተኛው ዓመት ነው ጣልያኖቹ የመጡት። ከባሕሩ ማዶ፣ ከአንኮና ብዙም የማይርቅ ከተማ ያለ ክለብ ኒክሻን ፈለገው። ወኪሉ ደውሎ እንዲህ አለ፦ ለውጭ አገር ተጫዋች የቀራቸው ቦታ አንድ ነው፤ በሮኮ ማግስት በመጀመሪያው መርከብ ተነሳ፣ ከስፕሊት ወደ አንኮና ትሻገራለህ፣ በሚቀጥለው ቀን የጤና ምርመራ፣ ፊርማ። ከዚያ ካለፈ ሌላ ሰው ያያሉ።

እኔ ለዚህ ቀን ተዘጋጅቻለሁ። ሁለት ክረምት ሙሉ ማክሰኞና ሐሙስ፣ ሮም የተማሩት ዶን ክርሼቫን ዘንድ እየሄድኩ ጣልያንኛ አጥንቻለሁ። “ልጄ፣ ትምህርቱ ገብቶሻል፤ የቀረሽ ትዕግሥት ነው” ሲሉኝ፣ “ትዕግሥትማ እዚህ ደሴት ላይ ሞልቷል ዶን፣ እኔ የምፈልገው መርከብ ነው” እላቸው ነበር። ፋርማሲ ውስጥ ዕቃ እየደረደርኩ ማርጀት አልፈለግኩም፤ መድኃኒት ቀማሚ መሆን ነበር የምፈልገው። እዚያው ጣልያን፣ ክለቡ ባለበት ከተማ ያለ ትምህርት ቤት ተቀብሎኝ ደብዳቤው መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። የኒክሻ ፊርማ የእኔም መሄጃ ነበር።

“ዘንድሮ አትጫወትም” አልኩት።

“እሺ።”

“እሺ ማለት አትጫወትም ማለት ነው?”

“እሺ ማለት ሰምቼሻለሁ ማለት ነው።”

ወዲያው ፔሪጻ መጣ። “ማሪየታ፣ እግሩን የሚነካው የለም፣ ማርያምን። እንደ እንቁላል ነው የምንይዘው።” ባለትዳሮቹም በየተራ እየመጡ እንደማይነኩት ማሉልኝ። ይጫወታል፣ አለቀ። እኔ ጆሮ ዳባ ልበስ ከተባልኩ ቆይቷል።

ጨዋታው ስድስት ለሁለት አለቀ። ስድስቱንም ያመቻቸው ኒክሻ፣ አራቱን ያገባው ሎቭሬ። ሎቭሬ በዚያ ሰሞን ፊቱ ጠቁሮ ነበር፤ ክለቡ አዲስ አሰልጣኝ አምጥቶ በጁን አሰናብቶታል፣ የሚፈልገው ክለብም አልተገኘም። የኒክሻን እግር በእርግጥም የነካው የለም። ፊሽካው ሲነፋ ትንፋሼ ተመለሰ። ከዚያ ባለትዳሮቹ አሸናፊዎቹን እየተሸከሙ ባሕር ውስጥ ወረወሯቸው። ኒክሻ እየሳቀ ወጣና ከነርጥብ ልብሱ የቤተ ክርስቲያኑ በረንዳ ላይ፣ በሁለቱ ክፍት በሮች መካከል ተቀምጦ የበግ ጥብሱን መብላት ጀመረ። ሾራ ፊሎሜና ፎጣ ይዘው እየሮጡ ሲመጡ አስታውሳለሁ።

በማግስቱ ማለዳ ሻንጣዬን ይዤ፣ ስፕሊት ድረስ ልሸኘው፣ ቤታቸው ሄድኩ። ኒክሻ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጭንቅላቱን ወደ ቀኝ ትከሻው አዘንብሏል።

“ምን ሆንክ?”

“አንገቴ አልዞር አለኝ።”

“ነፋስ ገብቶበታል” አሉ ሾራ ፊሎሜና፣ መስኮቱን ሁሉ ጠርቅመው፣ የሱፍ ሻርፕ እየጠቀለሉለት። “በሁለት በር መካከል አትቀመጥ አላልኩም? አሁን በዚህ አንገቱ መርከብ ላይ ቢወጣ፣ ነፋሱ ቀጥ ብሎ ልቡ ነው የሚገባው። የነገው መርከብ ይበቃዋል።”

“ነገ ለምርመራው አይደርስም እኮ፣ ሾራ ፊሎሜና።”

“አንቺ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠሪው። እስቲ አንቺው ፍረጂ፣ በዚህ አንገት ሰው ይሄዳል?”

ውጭ ከተራራው የሚወርደው ነፋስ መዝጊያዎቹን ያንገጫግጫል። ኒክሻ ቀና ብሎ አላየኝም። እኔ የዚያችው ደሴት ልጅ ነኝ፤ አያቴ በነፋስ ሞተች ሲባል ሰምቼ ነው ያደግኩት። የካምፎር ዘይት አወጣሁና አንገቱን እያሸሁ፣ “እሺ፣ አንድ ቀን ይቆይ” አልኩ። በገዛ አፌ።

በዚህ መሃል ሎቭሬ ሊሰናበተው መጣ። ኒክሻ ወረቀቶቹን አንስቶ ሰጠው። “አንተ ሂድልኝ። ወኪሉን አግኘውና አንድ ሁለት ቀን ለምንልኝ። ጫማህን ደግሞ ያዝ፣ ምናልባት።” ጫማህን ያዝ ያለውን ሰምቻለሁ። ያኔ ግን አእምሮዬ ዘይቱ ላይ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሎቭሬ ፖስታ ቤቱ ስልክ ላይ ደወለ። ኒክሻ ሲያናግረው አጠገቡ ቆሜ ነበር። ሎቭሬ ያለቅስ ነበር መሰለኝ። “እንኳን ደስ አለህ። አይ፣ ምን ይቅርታ ያስፈልጋል፣ ደግ አደረግክ” አለው ኒክሻ፣ ስልኩንም ዘጋ። ቦታው አንድ ነበር፣ ሞላ።

ሎቭሬ ሰባት ዓመት ጣልያን ተጫወተ። ዛሬ ከወደቡ በላይ ያለው ቢጫ ቤት የእሱ ነው፤ በየገና ካርድ ይልክልናል። እኛ በዚያው ዓመት በኦክቶበር ተጋባን። የእኔ ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ ቀረ። ኒክሻ ሁለት ዓመት ከተማው ክለብ ቆየ፣ ከዚያ ስሎቬንያ፣ ከዚያ ቆጵሮስ፣ ከዚያ ተቀያሪ ወንበር። በሄደበት አገር ሁሉ አሰልጣኞቹ በየቋንቋቸው ምታው ይሉት ነበር። በሠላሳ ሦስት ዓመቱ ጉልበቱ እምቢ አለና ብርቱካናማውን ሰደርያ ለበሰ። ሁለት ልጆች አሳደግን። እኔ እዚያው ፋርማሲ ነኝ፤ አሁንም ዕቃ እደረድራለሁ።

በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ግን ንዴቴን ውጬ የኖርኩት በምን ምክንያት ይመስላችኋል? አንድ ቀን ይቆይ ያልኩት እኔ ነኝ። ሰደርያውን ለብሶ መኪና ሲያስገባ ባየሁት ቁጥር፣ ያንን ሰውዬ እዚህ ያቆምኩት እኔ ነኝ እያልኩ ራሴን እከስ ነበር። ሊናደድብኝ ሲገባ አንድ ቀን እንኳን ቃል ስላልተነፈሰኝ፣ ደግነቱ ነው ብዬ ሆዴ ይባባል። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ሾርባው ቀዘቀዘ ብዬ እንኳን ልጮህበት ድፍረት አጣሁ።

ያለፈው ዓመት የሮኮ ቀን የኒክሻ የመጨረሻ ጨዋታ ነበር። በእኛ ዘንድ ሃምሳ የሞላው ሰው ለመጨረሻ ጊዜ ይሰለፋል፣ ከዚያ ፎጣ ያዥ ይሆናል። ባለትዳሮቹ ስድስት ዓመት በተከታታይ ተሸንፈዋል። ሁለት ለሁለት ሆነው ሊያልቅ ሲል ኒክሻ አንዱን ልጅ በትከሻው አታለለው፣ ግብ ጠባቂው ተዘረረ፣ መረቡ ባዶ ሆነ። ከመስመሩ ሦስት እርምጃ። አገሩ በሙሉ በአንድ አፍ “ምታው” አለ። የእኔ ድምፅ ከሁሉም ይበልጥ ነበር። አንድ ጊዜ፣ በዕድሜው አንድ ጊዜ፣ ለራሱ ሲወስድ ላየው ፈለግኩ። ሌላ ምንም አልፈለግኩም።

ቀና አለ። ያንን ቀና ማለት አውቀዋለሁ። በግራ በኩል ፔሪጻ፣ እሱም ዛሬ ባለትዳር፣ ሆዱን ይዞ እየተንገዳገደ ይመጣል፤ በሃያ ዓመት ውስጥ አንድ ጎል ያላገባው ፔሪጻ። ኒክሻ አቀበለው። ፔሪጻ ዓይኑን ጨፍኖ መታው፣ ኳሱ ከአግዳሚው በላይ አልፎ ባሕር ገባ። ሕግ ሕግ ነውና ፔሪጻ ጫማውን አውልቆ ዋኘ። ሰው ሁሉ ሲስቅ ላጤዎቹ ሦስተኛውን አገቡ።

ቤት ስንገባ ገና አሥራ አንድ ሰዓት አልሆነም። የባሕሩን መስኮት ከፈትኩ፣ ከዚያ ትይዩውን የጓሮ መስኮት ከፈትኩ። መጋረጃው እስከ ጣሪያ ተነሳ።

“እዚህ ተቀመጥ።”

“ምነው ማሪየታ።”

“ተቀመጥ አልኩህ። አንገትህ ይያዝ። ደግሞ ባሽህ ከምላሴ ፀጉር ይነቀል።”

ተቀመጠ። ፈገግ ብሎ፣ “ያኔም እኮ አልተያዘም ነበር” አለ።

“መቼ?”

“የጣልያኑ ጊዜ። አንገቴ ምንም አልሆነም ነበር።”

እሱ የተናገረው ነገር ምን እንደሆነ የገባው አይመስልም፤ የድሮ ቀልድ የሚያወራ ነበር የሚመስለው። ሃያ ስምንት ዓመት ስላለፈው ያለፈ መስሎታል።

“ሎቭሬ ተባሮ ነበር” አለ። “እናቱ ዓሣ እያጠበች። ቦታው አንድ ነው። እኔ ክለብ ነበረኝ፣ እሱ ምንም አልነበረውም። ቦታዬን ውሰድ ብለው አይቀበለኝም፣ ታውቂዋለሽ። ቀና ብዬ ሳይ ብቻውን ቆሞ ነበር፣ ማሪየታ። ማንም አልያዘውም።”

“አንገትህን ያሸሁት እኔ ነኝ።”

“አውቃለሁ።”

“ይቆይ ያልኩት እኔ ነኝ። እኔ ነኝ ያስቀረሁት ብዬ ስንት ዓመት…” ወንበር ስቤ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። “ሜዳ ላይ ሃያ አንድ ሰው ታያለህ። እስቲ ንገረኝ፣ ያን ቀን እኔ የት ነበር የቆምኩት?”

ብዙ አሰበ። ዋሽቶ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

“አንቺማ” አለ፣ “ከእኔ ጋር ነበርሽ።”

ሻንጣ ይዤ ነበር የቆምኩት። ደብዳቤ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። ያቀበለው የራሱን ብቻ አልነበረም፣ የእኔንም ነበር፣ ሳይጠይቀኝ። ይህንን ነገርኩት። ቃል በቃል፣ ሃያ ስምንት ዓመት የታመቀውን ንዴት ሁሉ ጨምሬ ነገርኩት። መስኮቶቹን ልዝጋ ብሎ ሲነሳ ተቀመጥ አልኩት፤ ተቀመጠ።

በማግስቱ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አሮጌዋን መኪናችንን አስነስቼ ወደብ ወረድኩና ሰልፍ ያዝኩ። ከኋላ ወንበሩ ላይ ያችው ሻንጣ ነበረች። ኒክሻ ሥራ ላይ ነው፤ አንተ ወደ ግራ፣ አንተ ቆይ ይላል። ተራዬ ሲደርስ ጣቱ አየር ላይ ቆመ። መስኮቴ ድረስ መጣ።

“የት ነው?”

“አንኮና።”

“ስንት ቀን?”

“አላውቅም። ዶን ክርሼቫን ያስተማሩኝ ቋንቋ ይሠራ እንደሆነ ልይ።”

ከኋላ አንድ ጀርመናዊ ጥሩምባውን ነፋ። ኒክሻ ሰልፉን አየ፣ መርከቡን አየ፣ እኔን አየ። በሁለት ጣቱ ከሁሉ ፊት፣ ከበሩ አጠገብ፣ ስፕሊት ሲደረስ መጀመሪያ የሚወጣበትን ቦታ አሳየኝ። ያንን ቦታ ለማንም ሰጥቶ አያውቅም፣ ለአምቡላንስ ነው የሚያስቀምጠው። ገባሁ።

መርከቡ ተነስቶ ወደቡን በግራ በኩል ሲዞር ከኋላው በረንዳ ላይ ወጥቼ ቆምኩ። ነፋሱ ከሁሉም አቅጣጫ ይመታኛል። እሱ ባዶው መግቢያ ላይ ብቻውን ቆሞ ነበር። መርከቡ ሲዞር ጭንቅላቱ አብሮ ዞረ፣ ወደ ግራ፣ ከዚያ እስከ ትከሻው ድረስ። አንገቱ ምንም አልሆነም።